ፖል ዋልደን፦ ውሃ አልባው ኤሌክትሮላይትና የአሉሚኒየም ባትሪ

በመንዝና በግሼ ደጋ የቀኑን ፀሐይ ለሌሊት የሚያቆይ ባትሪ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፤ ዋጋና ውርጭ። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ከሚገኙ ብረታ ብረቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚ በመሆኑና እያንዳንዱ አቶም ሦስት ኤሌክትሮኖችን ስለሚለግስ የዋጋውን ችግር ለማቃለል ተስፋ ይሰጣል። ይሁንና ውሃ ባለበት ኤሌክትሮላይት ውስጥ ባትሪው እንደገና ሲሞላ አሉሚኒየም ከመለበጡ በፊት ሃይድሮጅን ይወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ውሃ የሌለበትና ያለ ከፍተኛ ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ጨው ነው። የዚህን ዓይነት ጨው ጥናት በር ከከፈቱት አንዱ ፖል ዋልደን ናቸው።

ዋልደን እ.ኤ.አ. በ1863 ዛሬ ላትቪያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውን በአራት፣ እናታቸውን በአሥር ዓመታቸው አጥተው በታላላቅ ወንድሞቻቸው ድጋፍ ተማሩ። በ1882 ሪጋ ፖሊቴክኒክ ገብተው ከቪልሄልም ኦስትቫልድ ዘንድ የኤሌክትሮላይትን ጥናት ቀሰሙ፤ በ1891 በላይፕዚሽ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው ወደ ሪጋ ተመለሱ። በ1896 አንድ ሞሊኪውል በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ የቀኝና የግራ ቅርጹን ሊገለብጥ እንደሚችል አሳዩ። ይህም ግኝት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በዘመኑ የኤሌክትሮላይት ጥናት በአብዛኛው በውሃ ሙሙት ላይ የቆመ ነበር። ዋልደን ግን ለዓመታት ልዩ ልዩ ውሃ ያልሆኑ አሟሚዎችን እየመረመሩ የአዮኖች ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚሄድ ደረሱበት፤ ይህ የዋልደን ደንብ ይባላል። ቀጥሎም አሟሚው ፈጽሞ ቢቀርስ ወደሚለው ጥያቄ ተሻገሩ። ተራ ጨዎች የሚቀልጡት በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሆነ ልኬቱ አስቸጋሪ ነበር። በመሆኑም በቀላል ሙቀት የሚቀልጡ ጨዎችን ፈለጉ፤ በ1914ም በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠውን ኤቲልአሞኒየም ናይትሬት አስታወቁ።

ጽሑፉ ለአሥርት ዓመታት ያህል እምብዛም አስታዋሽ አላገኘም። ዋልደን ከአብዮቱ በኋላ በ1919 ወደ ጀርመን ተሰደው በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1934 አስተማሩ። በ1942 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ቤታቸውና አሥር ሺህ ያህል መጻሕፍት የያዘው ቤተ መጻሕፍታቸው ጠፋ። በ1957 በ93 ዓመታቸው ጋመርቲንገን በምትባል ከተማ አረፉ።

እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ በ1951፣ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አሉሚኒየም ክሎራይድን ከኤቲልፒሪዲኒየም ብሮማይድ ጋር በማዋሐድ በተገኘው ፈሳሽ ያለ ከፍተኛ ሙቀት አሉሚኒየም መለበጥ እንደሚቻል አሳተሙ። በ2015 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከታይዋን አጋሮቻቸው ጋር ከአሉሚኒየም ክሎራይድና ከኢሚዳዞሊየም ጨው በተዘጋጀ ኤሌክትሮላይት፣ በግራፋይት ካቶድ፣ ሁለት ቮልት ገደማ የሚሰጥና ከ7,500 ጊዜ በላይ የተሞላ ባትሪ አቀረቡ።

የቀረው ሥራ ቀላል አይደለም። አሉሚኒየም ክሎራይድ እርጥበት ሲነካው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያመነጫል፤ ኤሌክትሮላይቱም ብረትን ይበላል። የኢሚዳዞሊየም ጨው ውድ በመሆኑ ርካሹ ዩሪያ እንዲተካው ተሞክሯል፤ ነገር ግን የዩሪያው ፈሳሽ ይበልጥ ዝልግልግ ስለሆነ አስተላላፊነቱ ያንሳል። ይህ የዋልደን ደንብ ራሱ ነው። በባትሪው ሥራ ኤሌክትሮላይቱ አዮኖቹን ስለሚለግስ፣ ብዛቱ የሚከማቸውን ኃይል ይወስናል።

የዋልደን የ1914 ጨው በመንዝ ውርጭ ሌሊት ይረጋል። አሉሚኒየም ክሎራይድ የበዛባቸው ውህዶች ግን ከዜሮ በታችም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። ሆኖም ብርዱ ዝልግልግነታቸውን ስለሚጨምር፣ ለደጋው የሚታሰብ ኤሌክትሮላይት በቤተ ሙከራ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በውርጭም ሊለካ ይገባዋል።