ከፎገራ ሜዳ እስከ አቶ ይድነቃቸው

ፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛበታል። እኛ የወረታ ልጆች ሩዙ ታጭዶ መሬቱ እስኪደርቅ ጠብቀን ነበር የካልሲ ኳስ የምንጠልዘው። ታዲያ የአውሮፓ ተጫዋቾችን ስም እንከፋፈል ነበር እንጂ ይድነቃቸው ልባል ያለ አንድም ልጅ አላስታውስም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ገና በልጅነታቸው ተቀላቅለው 23 ዓመት ተጫወቱለት። ጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሁለቴ ከመመራት ተነሥቶ፣ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትገለል አጥብቀው ታግለዋል።

ነገ ጋዜጠኛ እንሆናለን እያልን የማንቸስተርን አሰላለፍ በቃላችን ስንወጣ እኚህን ሰው አለማወቃችን ያሳፍራል። እኔም ብሆን ያወቅኋቸው ዘንድሮ ለክፍል ሥራ ሳነብ ነው። ለእረፍት ወረታ ስገባ ለሰፈር ልጆች እነግራቸዋለሁ። አንዱ እንኳ ይድነቃቸው ልሁን ካለ ይበቃኛል።