ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የተመለሰው ቅጂ

የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው መተማ ነው። ለሰነድ ጠባቂ ሙያተኛ ግን ከጦር ሜዳው ይልቅ የሚያሳስበው በ1864 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ ነው።

በ1829 ዓ.ም. በተንቤን የተወለዱት ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ሲነግሡ፥ የተረከቡት ዙፋን መጻሕፍቱን ያጣ ነበር። የቋራው ካሳ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ከጎንደርና ከሌሎችም አድባራት የሰበሰቧቸው ብራናዎች በመቅደላ በአንድ ስፍራ ተከማችተው ስለ ነበር፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ አብረው ተዘረፉ። 350 ያህሉ በሎንዶኑ ብሪትሽ ሙዚየም ተቀመጡ።

ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፥ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ጠየቁ። ያለ መጽሐፉ ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸው ማስረዳታቸው አያስገርምም፤ የነገሥታቱ ትውልድ የሚጠቀሰው ከዚያ ነበርና።

ሙዚየሙ ክምችቱን ቢመረምር ከመቅደላ የመጣ ክብረ ነገሥት ሁለት ሆኖ ተገኘ። በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. አንዱን መለሰ። ሥዕሉን ግን ከዘመቻው ጋር በሙዚየሙ የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ስለ ነበር ሳይመለስ ቀረ። እንግዲህ መጽሐፉን ወደ አገሩ ያበቃው የጠያቂው መብት ብቻ ሳይሆን፥ ምናልባትም ከዚያ ይበልጥ፥ የሁለተኛው ቅጂ መኖር ነው። በመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች የሠሩ ባልደረቦች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። በ1973 ዓ.ም. የወጣው የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር 160 ኪሎባይት ብቻ የሚይዝ ስስ ዲስክ ነበረው፤ ያንን አቧራ ወይም ማግኔት ሲያበላሸው ሥራውን የሚያተርፈው በሌላ ክፍል የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነበር።

የግብፅን ጦር በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት፥ በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዓድዋ በተፈረመው ውል መሠረት በደርቡሾች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ከመተማና ከሌሎች ምሽጎች አስወጡ። ይህም ብርቱ ጠላት አፈራላቸው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውኃ ድል ነሥተው ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ከጎንደር ብራናዎች ከፊሎቹ ቀድመው ከከተማው በመውጣታቸው ከዚያ እሳት መትረፋቸው መራራ ነገር ነው፤ መቅደላ ላይ የተፈጸመውን ዘረፋ ግን ትክክል አያደርገውም።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ፥ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባጋደለበት ሰዓት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ይመለሱ የነበሩትን ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ ዳር ደረሱባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ለኸሊፋው ተላከ።

ከሎንዶን የተመለሰው ክብረ ነገሥት ግን ለዐፄ ምኒልክ ዘመን ደረሰ። ፈረንሳዊው ዩግ ለ ሩ ለትርጉም ሲቀበለው፥ በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን የሚገልጸው የሙዚየሙ ጽሑፍ ገና በላዩ ነበር።