ዘር ፍለጋ የመጡት ሩሲያዊ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም. በሞስኮ የተወለዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። ረሃብ በተደጋጋሚ ለጎበኛት አገራቸው ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ዓለምን ዞረዋል።

በ1919 ዓ.ም. በጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገቡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሯቸው። ከዚያም በቅሎ አስጭነው ወደ ሰሜን አቀኑ፤ በጎንደርና በአክሱም አድርገው አስመራ ደረሱ።

በየማሳው ያዩት አስደነቃቸው። በአንድ ገበሬ እርሻ ላይ ነጩ፣ ቀዩና ሐምራዊው ስንዴ ተቀላቅሎ በቅሏል። ይህን የገበሬ ስንፍና የሚሉ ባለሙያዎች ዛሬም አይጠፉም፤ ነገር ግን አንዱን ዋግ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ጺም የሌለው የዱረም ስንዴም እዚሁ አገኙ። ጤፉንና ኑጉን ጨምረው ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቧት። የስንዴ ዱር በቀል ዘመድ ግን እዚህ ስለሌለ፣ የኋላ ምሁራን አገራችንን ለስንዴ የዝርያ መበራከቻ እንጂ መነሻ አይሏትም።

የሰበሰቡት በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ሌኒንግራድ ገባ። እሳቸው ግን የዘር ውርስ ሳይንስን የካደውን ሊሴንኮን በመቃወማቸው ጥርስ ተነከሰባቸው፤ በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ታሰሩ። በጥር 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት፣ በረሃብ ተጎሳቁለው፣ በ55 ዓመታቸው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜም በርካታ ባልደረቦቻቸው የሩዙንና የኦቾሎኒውን ዘር እየጠበቁ፣ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ በረሃብ አልቀዋል።