ጋሌኖስና ተሸካሚው ቅባት

ጋሌኖስ በዮሐንስ ራእይ በተጠቀሰችው በጴርጋሞን ከተማ በ129 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ተወለደ። አባቱ ኒኮን የሕንፃ ባለሙያ ነበር። ልጁም በሰምርኔስ፥ በቆሮንቶስና በእስክንድርያ ሕክምና ተምሮ በ157 አገሩ ገባና፥ በሕዝብ ፊት በሰይፍ የሚጋጠሙትን ሰዎች ቍስል እንዲያክም ተሾመ። በ162 ወደ ሮም ሄደ፤ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ አውሬልዮስ ሐኪም ሆነ።

ስለ ሰው አካል የጻፈው ከሺህ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ኖረ። ዳሩ ግን ከፍቶ የመረመረው ጦጣና ዐሣማ ነበርና፥ ቬሳሊዩስ በ1543 ብዙ ስሕተት አገኘበት። ሳይሻር የቀረው ትንሹ ሥራው ነው። ይህም ሰም በጽጌረዳ ዘይት አቅልጦ፥ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ የሚያዋሕዱት ቅባት ነው። ሲቀቡት ውሃው ተንኖ ያቀዘቅዛል፤ ዘይቱና ሰሙ ግን ቆዳው ላይ ቀርተው እርጥበቱን ይጠብቃሉ፤ መድኃኒት ቢጨመርባቸውም ተሸክመው ያደርሳሉ። የዛሬው የፊት ክሬምም አብዛኛው ክፍሉ ውሃና ዘይት፥ ማለት ተሸካሚው ነው።

እኛ ተማሪዎች የምንኰራው በመድኃኒቱ፥ በዕውቀታችን ነው። ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ካልቀረበ ግን ዕውቀታችን ከብልቃጡ አይወጣም።