ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የመጀመሪያዋ መኪና

በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከጋራዦቹ ደጃፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ አሮጌ መኪና ቆሞ ይታያል። ሽማግሌዎቻችን በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩትና በልጅነታቸው ስለሚያውቁት የጭነት ፊያትና ላንድሮቨር ማውራት ይጀምራሉ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከዚያ በፊትስ የሚለው ጥያቄ ነው። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በማን ዘመን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው መቅደላ ቆዩ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ዐድዋን ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት አላስረዝመውም።

ንጉሡ አዲስ ነገር ይወዱ ነበር። ስልክ፣ ፖስታና ባቡር በእሳቸው ዘመን ገቡ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴም በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም የሚደርስ መንገድም አሠሩ።

በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ሁሉ በረሃና ተራራ ለመኪና የሚሆን መንገድ አልነበረም። ሞተሯ ሲያቅተው ሰው እየገፋና እየጎተተ ዳገቱን አወጣት። ሰውን ልትሸከም የመጣች መኪና በሰው ጉልበት መግባቷ እኔን በጣም አስገርሞኛል። የቤንትሊ ስም ይነሳል፤ የእነዚያ የገፏት ሰዎች ስም ግን አይነሳም።

ምኒልክ በመኪናዋ ተቀምጠው ሄዱ፤ በጣምም ወደዷት። ዓመቱ ሳያልቅ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱ ቀድሞ ለመግባት ሲሽቀዳደሙ ነበር፤ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ነው።

ንጉሡ ግን በመኪና ብዙ አልተደሰቱም። ሕመሙ እየጸናባቸው ሄዶ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ፈቃድ የሰጡበት የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ከሞቱ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።