ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ትምህርት ቤትን ከመንገድ ጋር ያቀዱ ሰው

ከአዳማ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው ወደ አዋሽና ወደ ሚኤሶ የሚወርደው የባቡር መሥመር በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ታሪክ አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ ሸለቆ ተከትሎ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። ከሚኤሶ በስተደቡብ የጨርጨር ደጋ ከሸለቆው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ደጋ ላይ ዛሬ ጭሮ በመባል የምትታወቀው፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ ትገኛለች። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ትምህርት ቤትን፣ መንገድንና ግብርን በአንድ ዕቅድ አያይዞ ለማራመድ የተሞከረው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ነበር። የሙከራው መሪ መሐንዲስ አልነበሩም፤ በሙያቸው መምህርም አልነበሩም። ሐኪም ነበሩ።

በአሁኑ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ስለ ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያ ቍጥር ጀምሮ በመሣሪያ ቍጥር ያበቃል። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም አንድ የማስተማሪያ መሣሪያ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን እጅና ለየትኛው ሥራ ይውላል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለእርሳቸው ከመጻሕፍት የተገኘ አልነበረም፤ ከገዛ ልጅነታቸው ጋር የተያያዘ ነበር።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ሲያሳልፉ፣ ዕድሜው ከአራት ዓመት ያላለፈው ሕፃን ከቤተ ዘመዱ ተለይቶ በጦሩ መካከል ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን ሕፃኑን ይዘው ወደ ሕንድ አገር ሄዱ። እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ፣ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉ። በውጭው ዓለም የታወቁበት ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የዚህ ዘመን ቅርስ ነው። ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ በላሆር የሕክምና ትምህርቱን በ1874 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ዕውቀቱን አዳበረ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት ለብዙ ዓመታት አገለገለ።

ትምህርት ቤት ለዚህ ልጅ ሙያ፣ እንጀራና ክብር ሰጠው። ነገር ግን የእናቱን ቋንቋ አስረሳው። በዘመኑ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ ብልጫ ያለውን ዘመናዊ ትምህርት ካገኙት አንዱ የሆነው ሰው በትውልድ አገሩ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ መስጠት አይችልም ነበር።

የዓድዋ ድል ዜና በ1888 ዓ.ም. በዓለም ሲሰማ፣ በበርማ የነበሩት ሐኪም አገራቸውን የማየት ፍላጎታቸው ጸና። በ1892 ዓ.ም. ገደማ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ። በከተማው ድንኳን ተክለው ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ከሕንድ የመጣ ጥቁር ሐኪም አለ የሚለው ወሬ እየተሰማ ሄዶ ከአያታቸው ጆሮ ደረሰ፤ አሮጊቷም መጥተው በልጅነቱ በሰውነቱ ላይ በቀረው ጠባሳ የልጅ ልጃቸውን ለዩት። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንና የቤተ ዘመዳቸውን ታሪክ ያገኙት በዚህ አኳኋን ነው። አያትና የልጅ ልጅ ሲገናኙ ግን በአስተርጓሚ ነበር የተነጋገሩት። አማርኛን እንደ ባዕድ ሰው ከፊደል ጀምረው የተማሩት ከሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በበርማ የመንግሥት አገልግሎታቸውና በአገራቸው መካከል ሲመላለሱ ቆዩ። በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነትም በአዲስ አበባ ሠሩ፤ ጋብቻቸውን በኢትዮጵያ ፈጸሙ፤ ልጆችም ወለዱ። ከበርማው አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው የገቡት በ1911 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የፍል ውሃውን መታጠቢያ አስተዳድረዋል፤ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት ተቀምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ ልባቸውን የሳበው ግን የትምህርት ሥራ ነበር።

በዚያ ዘመን የአገሪቱ ዋናው ትምህርት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ልጁ ፊደልን በቃሉ እየደጋገመ ያጠናል፤ ከዚያም ወደ ንባብና ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ይህ ሥርዓት እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይራመድ ነበር፤ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምር ነበር፤ ትምህርቱም ከውድ ዕቃ ጋር የተቆራኘ ስላልነበረ በገጠር ሁሉ ሊዳረስ ችሏል። ይሁን እንጂ ልኬትን፣ ካርታን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና የእጅ ሙያን አያካትትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የአውሮፓ ቋንቋዎችን በማስተማር አዲስ በር ከፈተ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ የበላይ ተቆጣጣሪነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ክፍልና ሰዓት የተመደበለት፣ የትምህርት ዓይነቱ የተለየ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ነበር። እዚህ ላይ ሐኪም ወርቅነህ ያጋጠማቸው ችግር ዛሬም ያልተፈታ ችግር ነው። ባዕድ ቋንቋ የአዲሱ ዕውቀት መግቢያ በር ነው፤ ነገር ግን ልጁ ቃሉን ለመፍታት ሲደክም ነገሩን ሳይጨብጥ ይቀራል። ለዚህ የሰጡት መልስ አንድ መጽሐፍ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ለልጆች ማስተማሪያ የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። በልጅነቱ ካርታ ላይ ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም የተወሰደ፣ ቋንቋውንም የተነጠቀ ሰው በሽምግልናው የዓለምን ካርታ በዚያው ቋንቋ ለአገሩ ልጆች አቀረበ። በጊዜው የማተሚያ መኪና በአገሪቱ ብርቅ ነበርና፣ የታተመ የመማሪያ መጽሐፍ የዚያ ትውልድ አዲሱ የክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራቸው ለባርነት ከተዳረጉት ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ባርነትን የሚገታ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ሰውን ነፃ ቢያወጣም እንጀራ አይሰጠውም ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በፍቅርና በአገልግሎት ስም የተቋቋመውን ማኅበር እየመሩ ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆም አደረጉ። በዚያም ከፊደል ጋር የእጅ ሙያ ተጨመረ። ጌታው ልጆቹን ወደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሚልክበት ዘመን፣ የባሪያ ልጅም የሚገባበት ክፍል መኖሩ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አሜሪካ ላካቸው። በዚያም በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ከዚሁ ጋር በኒው ዮርክ የሚገኙ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ ጕዞው ግን አስተሳሰባቸውን ያሳያል። ታላቁን ሥራ ሲያስቡ ሥራውን የሚይዙትንና ለሌላው የሚያስተምሩትን እጆች አብረው ያስቡ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ በተሟላ መልኩ የተፈተነው በጨርጨር ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማና ማግሥት፣ በ1923 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዛዥ የሚል ማዕረግ የነበራቸው ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። አሰበ ተፈሪን በዕቅድ የቆረቈሯት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ጨርጨር ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበ አገር ነበር። ቡና ያበቅላል፤ ባቡርም ከሥሩ ያልፋል። ችግሩ ቡናው ከደጋው እስከ ጣቢያው በቀላሉ አለመድረሱ፣ ገበሬውም በልዩ ልዩ ግብርና ግዴታ መያዙ ነበር። አዛዥ ወርቅነህ ግብሩ የተወሰነና የታወቀ እንዲሆን አደረጉ፤ ደጋውን ከባቡሩ የሚያገናኙ መንገዶችን አስጠረጉ፤ የሚያውቋቸውን ሕንዳውያን ባለሙያዎችም በሥራው አሳተፉ።

ትምህርት ቤቱ የዚህ ዕቅድ አካል እንጂ ጌጥ አልነበረም። ከ1924 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአሰበ ተፈሪ ትምህርት ቤት በወጣቱ አማኑኤል አብርሃም ይመራ ነበር። እኒህ ሰው በወለጋ የተወለዱ፣ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኃላፊነቱን ሲረከቡም ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። በኋላ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። በሐኪም ወርቅነህ የበላይነት የተመራው ትምህርት ቤት ያወጣው ተማሪ፣ በሐኪም ወርቅነህ ግዛት ውስጥ የትምህርት ቤት መሪ መሆኑ የዕቅዱን አሠራር በግልጽ ያስረዳል። አንዱ ትምህርት ቤት ለሌላው መምህር ይወልዳል፤ መንገዱ ምርቱን ያወጣል፤ የታወቀው ግብር ሥራውን ይደግፋል፤ የተማረውም ልጅ የሚሠራበት ቦታ ያገኛል።

በዕቅዱ ውስጥ ግን ጉድለት አልታጣም። የጨርጨር ሕዝብ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የዘመኑ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቋንቋ ደግሞ አማርኛና የአውሮፓ ቋንቋዎች ነበሩ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1886 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በሚሲዮን ማተሚያ ቤት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመው ስለነበር፣ ነገሩ የማይቻል አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ በባዕድ ቋንቋ መማር የሚያስከፍለውን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ያሰቡለት መድኃኒት ግን ለጨርጨር ልጅ አልደረሰውም። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ልጆች በኦሮምኛ መማር የጀመሩት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሌላው ጉድለት ዕቅዱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉ ነበር። አዛዡ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሲላኩ የጨርጨር ሥራ መሪውን አጣ።

በለንደን ሳሉ ጦርነቱ መጣ። በእርጅና ዕድሜያቸው የአገራቸውን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብና መንግሥት ሲያሰሙ ቆዩ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር፤ በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ወጣቶችን እየለዩ ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባታቸው በሕይወታቸው ሙሉ ለአገራቸው የተመኙት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ዘመናዊ ምህንድስና ተምረው በአገራቸው አፈር ላይ ሊሠሩበት የተመለሱ ናቸው። አንድ መሐንዲስ ለማፍራት የብዙ ዓመት ትምህርት ይጠይቃል፤ ለማጥፋት ግን አንድ ቀን በቃ። አገሪቱ ከነፃነት በኋላ ለረጅም ጊዜ ባለሙያ ከውጭ የፈለገችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በስደት ወደ አደጉበት ወደ ሕንድ አገር ሄደው ቆዩና በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከእርሳቸው ሞት ግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። የስርጭቱ ምህንድስና የሚደነቅ ነበር፤ በስምጥ ሸለቆ ከተማ ያለ ተማሪና በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ አንድን ትምህርት በአንድ ሰዓት ተከታተሉ። ነገር ግን ስርጭቱ ተማሪ እጁን ሲያነሣ አይቆምም፤ መብራት ሲጠፋም ያመለጠው አይመለስም፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀረችለት። በብዙ ትምህርት ቤቶች መሣሪያዎቹ ከጊዜ በኋላ ሥራ ፈቱ። የሐኪም ወርቅነህ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ቋንቋው፣ መምህሩና ጠጋኙ ከቴሌቪዥኑ በፊት በታሰቡ ነበር።

መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ መንገድ መኖሩን ያጣራል። ለትምህርት ቤት መሣሪያ የሚነድፍ፣ የሚመርጥና የሚተክል ባለሙያም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ከመሣሪያው ወዲህ ልጁ የሚገባው ቋንቋና የሠለጠነ መምህር፣ ከመሣሪያው ወዲያም የተማረው ልጅ የሚሠራው ሥራ ሊኖር ግድ ነው። በጨርጨር የተጀመረው ዕቅድ ጉድለቱን ይዞ ሳይፈጸም ቢቀርም፣ ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት የተደረገ ቀደምት ሙከራ ነውና ሊታወስና ሊጠና ይገባዋል።