ከሒሳብ መዝገብ ወደ ራጅ ክፍል፦ የኤልዛቤት ፍላይሽማን ሕይወት

በዚህ እትም ስለ አንዲት ሴት ሕይወት እንድጽፍ ተራው ደርሶኛል። የመረጥኳት ሴት ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሀገሯ አሜሪካ፣ ከተማዋ ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። በዘመኗ በሙያዋ ስመ ጥር ነበረች። እኔ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያገኘኋትም በአጋጣሚ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄ ከደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷን ስለተጎዳች ራጅ ልናስነሳት ሄድን። ባለሙያው ልጅቷን ካስተካከለ በኋላ ወደ ማሽኑ ሄዶ ሁለት ቁጥሮችን ዝቅ አደረገ። እኔ ደግሞ ቁጥር ሲነካ እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሥራዬ ነውና ምን እንደሆኑ ጠየቅሁት። አንደኛው ጨረሩ በሥጋና በአጥንት ውስጥ ዘልቆ የሚያልፍበትን ኃይል፣ ሁለተኛው የጨረሩን ብዛት እንደሚወስን፣ የሕፃን ክንድ ቀጭን ስለሆነም ሁለቱንም እንደቀነሰ አስረዳኝ። ለእኔ ከባድ የመከላከያ ሽርጥ አለበሰኝና እሱ ከግድግዳ ጀርባ ገባ። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እነዚያ ቁጥሮች ባልነበሩበት ዘመን የጨረሩን ኃይል በምን ያውቁት ነበር? መልሱን ስፈልግ ነው የሙያ እህቴን ያገኘኋት። ኤልዛቤት ፍላይሽማን ራጅ አንሺ ከመሆኗ በፊት ሒሳብ መዝጋቢ ነበረች።

ኤልዛቤት የተወለደችው በካሊፎርኒያ ግዛት በኤልዶራዶ አውራጃ ነው። ወላጆቿ ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። በሳን ፍራንሲስኮ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትማር ቆይታ፣ ቤተሰቧን ለመርዳት ስትል ትምህርቷን ሳትጨርስ አቋረጠች። የሒሳብ አያያዝና የቢሮ ሥራ ተምራ በአንድ የውስጥ ልብስ አምራች ድርጅት ውስጥ መዝገብ ያዥ ሆነች። እናቷ ስትሞት ከእህቷ ጋር መኖር ጀመረች። የእህቷ ባል ሐኪም ስለነበር በሕክምና ክፍሉ ታግዘው ነበር። እስከዚህ ድረስ ታሪኳ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው፤ ትምህርት ይቋረጣል፣ ቤተሰብ ይረዳል፣ በተገኘው ሙያ እንጀራ ይበላል።

በኅዳር ወር 1895 ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በጀርመን ሀገር በቩርዝቡርግ ከተማ ለዓይን የማይታይ፣ ግን በሥጋ ውስጥ የሚያልፍ ጨረር አገኘ። በታኅሣሥም የባለቤቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቷ በፎቶግራፍ አነሣ። ወሬው በ1896 መጀመሪያ ዓለምን አዳረሰ። ኤልዛቤትም አነበበች። ማንበብ ብቻ አልበቃትም፤ በዚያው ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትምህርት ተከታተለች። ከዚያ ከአባቷ ገንዘብ ተበድራ መሣሪያ ገዛች፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሰተር በተባለው ጎዳና ላይም የራሷን የራጅ ቤት ከፈተች። ሐኪም አይደለችም፣ ኮሌጅም አልገባችም። ብዙም ሳይቆይ ግን የከተማው ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ወደ እሷ መላክ ጀመሩ፤ ምስሎቿ ጥርት ያሉ ነበሩና።

ምስልን ጥርት አድርጎ ማንሣት በዚያን ጊዜ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማወቅ መሣሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ጨረሩ የሚወጣው አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ብቻ ከቀረበት የመስታወት ቱቦ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በዚያች በቀረችው ጥቂት አየር ላይ ነው። አየሩ በርከት ካለ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፤ የሚወጣው ጨረር ደካማ ይሆንና ቆዳና ሥጋ ላይ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ይህን ቱቦ ለስላሳ ይሉታል። አየሩ በጣም ካነሰ ኤሌክትሪኩ ለማለፍ ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ጨረሩም አጥንትን ሳይቀር ዘልቆ ያልፍና ምስሉ ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል። ይህኛው ጠንካራ ይባላል። ለእጅ የሚሆነው ቱቦ ለዳሌ አይሆንም፣ ለዳሌ የሚሆነውም ለእጅ አይሆንም።

ችግሩ ቱቦው በአንድ ጠባይ አለመርጋቱ ነበር። በተሠራበት ቁጥር በውስጡ ያለው አየር መስታወቱ ላይ እየተጣበቀ ስለሚያልቅ ቱቦው እየጠነከረ ይሄዳል። ጠዋት የተስማማው ከሰዓት በኋላ እንቢ ይላል። ይህን ለማስተካከል አንዳንዶች ቱቦውን በመብራት ነበልባል ያሞቁታል፤ የተጣበቀው አየር ይለቅቃል። ሌሎች ከቱቦው ጎን በተሠራች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲሞቅ ጋዝ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ያስቀምጣሉ። ፈረንሳዊው ፖል ቪላር ደግሞ ከፓላዲየም ማዕድን የተሠራች ቀጭን ቱቦ ጎኑ ላይ ገጠመ፤ እሷን በእሳት ሲያግሏት ሃይድሮጅን በውስጧ አልፎ ይገባል፣ ቱቦውም ይለሰልሳል።

ታዲያ መለስለሱን ወይም መጠንከሩን በምን ያውቁታል? አንዱ ዘዴ ሁለት የብረት ጫፎችን ከቱቦው ጎን ለጎን አቀራርቦ የኤሌክትሪክ ብልጭታው ምን ያህል ርቀት እንደሚዘል መለካት ነበር። ብልጭታው በረዘመ ቁጥር ቱቦው ጠንካራ ነው። ከዚህ የቀለለውና በየራጅ ቤቱ የተለመደው ግን የገዛ እጅ ነበር። ባለሙያው እጁን በቱቦውና በሚያበራው ስክሪን መካከል ያስገባና ይመለከታል። አጥንቱ ድፍን ጥቁር ከሆነ ቱቦው ለስላሳ ነው፣ አጥንቱ ከሥጋው ካልተለየ ጠንካራ ነው፣ ሁለቱ በደንብ ከተለዩ ሥራው ይጀመራል። እኛ ምጣዱ መጋሉን እጃችንን አስጠግተን እንደምናውቀው ማለት ነው። ልዩነቱ የምጣድ ሙቀት ወዲያው ይሰማል፣ እጅም ይሸሻል። ይህ ጨረር ግን ሲነካ አይሰማም። ይህ ሙከራ በቀን ስንት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እናንተው አስቡት።

ኤልዛቤት ያለ መከላከያ ነበር የምትሠራው። አንድ ምስል ለማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅ በነበረበት ዘመን ከበሽተኛው አጠገብ ትቆማለች። የሚፈሩ በሽተኞች ሲመጡም ምንም እንደማያም ለማሳየት ራሷን በጨረሩ ፊት ታደርግ ነበር። ደግነቷና ጥንቃቄዋ ሁለቱም ወደ ጨረሩ ይበልጥ አቀረቧት።

በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር፣ ቀጥሎም በፊሊፒንስ ጦርነት ገጠመች። ወታደሮቹ ወደ ፊሊፒንስ የሚሳፈሩትም ቆስለው የሚመለሱትም በሳን ፍራንሲስኮ በኩል ስለነበር ብዙ ቁስለኞች ወደ ኤልዛቤት ቤት መጡ። ከዚያ በፊት ሐኪም ጥይቱን የሚፈልገው ቁስሉ ውስጥ መሣሪያ እየከተተ ነበር። እሷ ጥይቱ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተቀመጠ በምስል አሳየች። ከሥራዎቿ ሁሉ የታወቀው የነብራስካ ክፍለ ጦር ወታደር የነበረ ሰው የራስ ቅል ምስል ነው፤ ጥይቱ አንጎሉ ውስጥ እንዳለ በግልጽ ይታያል። በ1899 የአሜሪካ ጦር የሕክምና ዋና ኃላፊ ጆርጅ ስተርንበርግ ራሳቸው መጥተው ሥራዋን አይተው አደነቁ። በ1900 ዊልያም ቦርደን የተባሉ የጦር ሐኪም ራጅ በጦርነቱ ስለሰጠው አገልግሎት ያዘጋጁት መጽሐፍ ሲታተም የእሷ ምስሎች ገቡበት። በዚያው ዓመት እስራኤል ጁሊየስ አሽሃይምን አገባች፤ ሥራዋን ግን አልተወችም።

ከዚያ በኋላ እጆቿ መታመም ጀመሩ። ቆዳዋ ቀላ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ቆሰለ። መጀመሪያ ምክንያቱ ፎቶግራፍ የምታጥብበት ኬሚካል መሰላት። ይህ ግምት ሞኝነት አልነበረም፤ ኬሚካሉ በየቀኑ እጇን ይነካታል፣ ጨረሩ ግን አይታይም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ በ1901 በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ ጨረሩ እንደሚገድል አሳይቶ፣ ቱቦው በመከላከያ እንዲሸፈን መክሯል። ብዙዎች ችላ አሉት። በ1904 የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለቱንም እጆቹን ካጣ በኋላ ሞተ። ኤልዛቤት በራሷና በቱቦው መካከል እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ወፍራም መስታወት ያደረገችው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር።

በጥር 1905 ካንሰሩ ስለተስፋፋ ክንዷ ከነትከሻ አጥንቷ ተቆረጠ። አልዳነችም፤ በሽታው ወደ ሌላው አካሏ ተዛመተ። በነሐሴ 3 ቀን 1905 አረፈች። በራጅ ሥራ ላይ የቆየችው ከአሥር ዓመት ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ጨረር ምክንያት ሕይወታቸውን ካጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ እሷ ናት።

የሚያሳዝነው፣ እጅን የሚተካ መለኪያ በእሷ ዘመን መሠራት ጀምሮ ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ቤኑዋ በመሐል ስስ የብር ክብ፣ በዙሪያው ውፍረታቸው እየጨመረ የሚሄድ የአሉሚኒየም ደረጃዎች ያሉት መለኪያ ሠራ። የብሩ ጥላ ከየትኛው ደረጃ ጥላ ጋር እንደተመሳሰለ በማየት የጨረሩ ኃይል በቁጥር ይነገራል። ሌሎች ደግሞ የሞተ ሰው የእጅ አጥንት በሰሌዳ ላይ ለጥፈው በሕያው እጅ ፋንታ ተጠቀሙ። ዋናው መፍትሔ የመጣው ግን እሷ ከሞተች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በ1913 አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ አየሩ ፈጽሞ ሊባል በሚችል ደረጃ የተመጠጠ፣ በውስጡ የሚግል የተንግስተን ሽቦ ያለበት ቱቦ ሠራ። የጨረሩ ብዛት በሽቦው ሙቀት፣ ዘልቆ የማለፍ ኃይሉ በኤሌክትሪኩ ግፊት ለየብቻ ተወሰነ። ልጄን ራጅ ያነሣው ባለሙያ ዝቅ ያደረጋቸው ሁለት ቁጥሮች የእነዚህ ልጆች ናቸው።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ማሽን ሲያረጅ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። የኤልዛቤት ቱቦዎች በመዝገቧ ውስጥ ዋጋ ነበራቸው፤ ሲሰበሩ ወጪ ሆነው ይመዘገባሉ። እጇ ግን ከመሣሪያዎቿ አንዱ ሆኖ ሳለ በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ያለፈውን በጀት ስናዘጋጅ የሳሙና ክፍላችን የጠየቀውን የጓንትና የዓይን መከላከያ ወጪ ከሰንጠረዡ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አስተዳደራዊ ወጪያችን ለደጋፊዎቻችን ዝቅ ብሎ እንዲታይ ፈልጌ ነበር። ኮስቲክ ሶዳውን የምታሟሟው እትዬ እጃቸው መሰነጣጠቁን ሲያሳዩኝ፣ የብርድ ነው ያልፋል ብለው ራሳቸው አጽናኑኝ፤ እኔም ተጽናንቼ ሄድኩ። እጃቸው እንደተሰነጣጠቀ አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው በጀት ከሳሙና ክፍል ጓንትና መነጽር፣ ከእንጀራ መጋገሪያችን የጭስ ማውጫ ጋር ይሆናል። የሥራ ማስኬጃ ወጪያችን ከፍ ይላል። ደጋፊዎቻችን ቁጥሩን አይታችሁ ብትጠይቁኝ መልስ አለኝ፤ ወጪው ድሮም ነበረ፣ የሚከፈለው ግን ከእህቶቻችን እጅና ሳንባ ነበር። እህቶቼ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጁ የሚያሳክካት፣ ጭስ የሚያስላት፣ ዓይኗን የሚያቃጥላት ብትኖር ያልፋል ሳትል ለክፍሏ ተጠሪ ትንገር። እኔም እመዘግበዋለሁ።